የፒክአፕ ባሌስትራ፣ ሾክና ሞላ ለሰሜን ሸዋ የጠጠር መንገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን እየተነሳሁ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ የውሃ ቧንቧና የሰው ዕቃ ጭኜ ወደ መንዝ፣ ወደ ጅሩና ወደ አንኮበር ሥር እመላለሳለሁ። መኪናዬ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፣ አንዳንዴም ማታ ደውሎ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ «ከሥር ምን ላስደርግላት?» እዚህ የሰበሰብኩት ቶሎ ቶሎ የሚመጡትን ነው። መካኒክ አይደለሁም። ግን በስህተት ያወጣሁት ብር አንድ መካኒክ ያስተምር ነበር።

መኪናዬ ጠጠር ላይ ከሥር ትንኳኳለች። ብሬ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ከየት ልጀምር?

ከመግዛት አትጀምሩ። ካርቶን አንጥፉና ከሥሯ ግቡ። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ግን መግባት የለም።

የሚንኳኳው አብዛኛውን ጊዜ ሾክ አብዞርበር አይደለም። ጎሚኒ ነው፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ የሚገባው ላስቲክ። የባሌስትራው (ኋላዋን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ሁለት ጫፍ፣ ብራቾው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ክንድ)፣ ስታብላይዘሩ (ወደ ጎን እንዳታጋድል የሚይዛት ዘንግ)፣ የሾኩ ላይና ታች፣ ሁሉም የሚያርፉት በጎሚኒ ላይ ነው። ጎሚኒው ሲበላ ብረት ከብረት ይጋጫል። ረዘም ያለ ጠንካራ ብረት በባሌስትራው ጆሮና በመያዣው መካከል አስገብታችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ጥሩ ጎሚኒ ትንሽ ይሸነፍና ይመለሳል። ልል ብሎ ከተጫወተ አልቋል።

ቀጥሎ የፊት ጎማ አንሱ። ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም የብራቾው ቴስቲኒ (የሚዞረው መጋጠሚያ) ላልቷል። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙት ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የመሪው ቴስቲኒ ነው። ይህ የላላ ነገር ሳይጠገን አዲስ ሾክ ማስገጠም የሚያፈስ ጣሪያ ሥር አዲስ ምንጣፍ እንደ ማንጠፍ ነው።

ከዚያ ሜትር አምጡ። ባዶዋን መኪና ሜዳ ላይ አቁማችሁ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ለኩ። አራቱንም ጎማ። ግራና ቀኙ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ አንዱ ወገን ደክሟል። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉት፤ ወደ ታች ስንሄድ እንፈልገዋለን።

እኔ እንደማየው ከጠየቁኝ ሰዎች ግማሾቹ ጎሚኒ ቀይረው ጉዳያቸውን ጨርሰዋል።

ሊብሬ ላይ የተጻፈው የጭነት ልክ እውነት ነው? ሃይሉክስ እኮ ትችላለች!

ትችላለች። ችላ ችላ ነው ሻንሲዋ (ሁሉም ነገር የተቀመጠበት የሥር ብረት) የሚሰነጠቀው።

ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ እንደ ሞዴሉ ከ800 እስከ 1,000 ኪሎ ገደማ ነው የሚጭነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ይህ ልክ የካሶኒው (የኋላው የጭነት ሳጥን) ብቻ አይደለም። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ከኋላ የተጫኑት ሦስት ሰዎችም፣ ፖርቶመጋላውም፣ ያስበየዳችሁት የፊት መከላከያ ብረትም ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ። አምስት ሰው ብቻውን 350 ኪሎ ይጠጋል። 900 ኪሎ ከምትጭን መኪና የቀረው 550 ነው። ይህ ማለት አምስት ኩንታል ተኩል ጤፍ፣ ወይም 11 ከረጢት ሲሚንቶ።

አሸዋ ደግሞ ዓይን ያታልላል። የሃይሉክስ ካሶኒ አፉ ድረስ ቢሞላ 1 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ 1.6 ቶን ገደማ ነው፤ ዝናብ ከነካው ይብሳል። አፉ ድረስ አሸዋ የሞላች ሃይሉክስ የልኳን እጥፍ ገደማ ተጭናለች ማለት ነው። የጥቁር ድንጋይ ነገርማ ተዉት።

ባሌስትራ ብታስጨምሩም ይህ ልክ አይቀየርም። ባሌስትራው ይችል ይሆናል። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው።

እሺ፣ ባሌስትራ ላስጨምር?

ይህ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ የራሴን ጉድ ልናገር።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ሲሚንቶ ስጭን ከኋላ ትወርድብኝ ነበር። ባለሙያው አየት አደረገና «ሁለት ብረት እንጨምርላት፣ ድንጋይ ትሆናለች» አለኝ። እውነቱን ነው። ድንጋይ ሆነች።

ጭነት ሲኖር ደስ ትላለች። ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ችግሩ የመጣው ስመለስ ነው። ከመሐል ሜዳ በኩል ባዶዬን እየመጣሁ ኮረኮንች ላይ ኋላዋ እንደ ፍየል መዝለል ጀመረ። ኩርባ ላይ ጎማው መሬት ሳይነካ ወደ ጎን ሸሸ። እናቴ በካርቶን ጭድ አድርጋ የላከችልኝ 30 እንቁላል ነበር። ቤት የደረሰው 11 ነው። እንቁላሉስ ይቅር። ከአራት ወር በኋላ ለሌላ ነገር ከሥር ስገባ ከጋቢናው ጀርባ ሻንሲው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። አፈሩን በጨርቅ ጠርጌ ጥፍሬን ሳሳልፍባት ትይዛለች። ጋራዡ ሄጄ ብነግረው «መንገዱ ነው» አለኝ።

መንገዱ አይደለም። ባሌስትራ የሚታጠፈው ምቱን ውጦ እንዲያስቀር ነው። አልታጠፍም ካለ ምቱ የትም አይጠፋም፣ ወደ ሻንሲው ይሄዳል። ሻንሲው ደግሞ የሚደክመው ጋቢናው አልቆ ካሶኒው በሚጀምርበት መጋጠሚያ አካባቢ ነው።

እና አታስጨምሩ ማለቴ ነው? አይደለም። መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። ጭነታችሁ ቋሚ ነው ወይስ የሚመጣ የሚሄድ?

ጄኔሬተር፣ የብየዳ ማሽን፣ የዕቃ ሳጥን፣ 200 ሊትር የውሃ በርሜል ሁልጊዜ ካሶኒ ላይ ካለ ቋሚ ጭነት ነው። በርሜሉ ብቻ ሲሞላ 200 ኪሎ ነው። ለዚህ ሰው ለዚያ ክብደት ተብሎ የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ ያዋጣዋል። ሻጩን «ጠንካራ አለህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ሁልጊዜ 300 ኪሎ ለሚጭን» በሉት።

ሰኞ ጭኖ ማክሰኞ ባዶውን ለሚመለስ እንደ እኔ ያለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኋላ ባሌስትራችሁን እዩ። ከላይ ያሉት ብረቶች ጎበጥ ያሉ ናቸው። ከታች አንድ ወይም ሁለት ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ አጠር ያለ ብረት አለ። እሱ ባዶ ስትሄዱ ሥራ የለውም። ጭነት ሲወርድበት ነው ላይኞቹ መጥተው የሚያርፉበት። ብዙ ፒክአፕ ከፋብሪካው ይዞት ይመጣል። ተሰብሮ ወይም ተወስዶ ከሆነ እሱን መመለስ ነው። ሳይኖር ቀርቶ ከተጨመረም እንዲህ ያለውን ማስጨመር ነው፣ ባዶ ሲሆን የማይነካውን። አንዳንዱ ባለጋራዥ ይህን ታችኛውን ብረት በመዶሻ ያጎብጠዋል፤ «ከፍ እንድትልልህ» ይላል። ያን ቀን ባዶም ስትሆን መሥራት ይጀምራል። አይሆንም በሉ።

እኔ ሁለቱንም ብረት አስወጣሁ። የደከመውን ባሌስትራ በሙሉ ቀየርኩ። ስንጥቁን ሻንሲ በሚሠራ ሰው አስጠገንኩና ከጎኑ ማጠናከሪያ ብረት አስደረግሁ። ጭነቱንም ወደ ፊት አስጠጋሁት። ከባዱ ነገር ከጋቢናው ጋር ተጠግቶ፣ ከኋላ አክስል ፊት ለፊት ይደርደር። ቀላሉ ወደ ጅራቱ። ብር የማያስወጣ ለውጥ ይህ ነው።

አንድ ወፍራም ብረት ከሁለት ቀጭን ይሻላል?

ውፍረት ላይ ተጠንቀቁ። የባሌስትራ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፣ በሦስተኛ ደረጃ ነው። ርዝመቱና ስፋቱ አንድ ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ብረት ከ7 ሚሊ ሜትሩ በ50 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም። ወገብ ላይ ግን ይታያል። ገበያ ስትሄዱ ካሊፐር ያዙ፣ ከሌለ የድሮውን ብረት ይዛችሁ ሂዱ።

ሾኬ እንደሞተ በምን አውቃለሁ?

ፓራፋንጎውን ተጭኖ መልቀቅና ስንት ጊዜ እንደምትወዛወዝ መቁጠር የሚባል ዘዴ አለ። ለቤት መኪና ይሆናል። ለፒክአፕ ብዙም አይናገርም፤ ባሌስትራው ራሱ ደረቅ ስለሆነ ሾኩ ሞቶም ቀጥ ብላ ትቆማለች።

የእኔ ዘዴ እጅ ነው። ሾክ ማለት ውስጡ ዘይት ያለበት ቱቦ ነው። መኪናዋ ስትወርድ ስትወጣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ይገፋል፣ የምቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ስለዚህ የሚሠራ ሾክ ይሞቃል። ከ15 እና 20 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች በኋላ ቁሙና አራቱንም በጥንቃቄ ነካ አድርጓቸው፣ መጀመሪያ በእጅ ጀርባ፣ ሊያቃጥል ይችላልና። ሁለቱ የኋላዎቹ እኩል መሞቅ አለባቸው። ሁለቱ የፊቶቹም እንዲሁ። አንዱ ሞቆ ጓደኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ሥራ አቁሟል።

ቱቦው ላይ አፈር ተቀላቅሎበት እንደ ቅባት የተጣበቀ ነገር ካያችሁም ዘይቱ ወጥቷል። ሲቀየር ሁልጊዜ ጥንድ ጥንዱን ነው። አንዱን ብቻ የቀየረ ሰው ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ታደላበታለች።

በዘይት ብቻ የሚሠራው ይሻላል ወይስ ጋዝ ያለው?

ለረጅም ኮረኮንች ጋዝ ያለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሾኩ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ሲመታ ዘይቱ ይሞቃል፣ ከአየር ጋር ይደባለቅና አረፋ ያወጣል። አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ አይገፋም። ጠዋት ጥሩ የነበረች መኪና ከአንድ ሰዓት በኋላ መዋኘት የምትጀምረው ለዚህ ነው። ውስጡ በናይትሮጅን የታመቀው ሾክ አረፋውን ያዘገያል። ቱቦው ወፈር ያለው ደግሞ ዘይቱ ስለሚበዛ ቶሎ አይሞቅም።

ከአስፋልት ለማትወጡና በወር አንዴ ገጠር ለምትገቡ ግን ለዚህ ብር አታውጡ። ደህና ተራ ሾክ ይበቃችኋል።

ኮረኮንች ላይ ፈጠን ካልኩ መንቀጥቀጡ ይጠፋል። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ይጠፋል። በ70 እና በ80 ስትሄዱ ጎማው ጉድጓዶቹ ውስጥ ለመግባት ጊዜ አያገኝም፣ ከአናት አናት ላይ እየዘለለ ያልፋል። የሚመች ይመስላል። ነገር ግን አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይሰማም። መንዝ ላይ ደግሞ ከኩርባው ኋላ በግ አለ። በጉ ባይኖር የበጉ እረኛ አለ።

እኔ ከ40 አልወጣም። መንቀጥቀጡ ከበዛብኝ የጎማ ንፋስ እቀንሳለሁ፤ እሱን እንደውም ለብቻው እንየው።

ንፋስ ስንት ላድርግ?

ከሁሉ በርካሹ ማሻሻያ ይህ ነው፣ ሰው ግን አይወደውም። ጎማ የመጀመሪያው ሞላ ነው። ጠጠሩን ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው።

መነሻችሁ የሹፌሩ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ይሁን። ባዶ ሆናችሁ ረጅም ጠጠር የምትሄዱ ከሆነ ከዚያ ላይ ከአምስት አንዱን ያህል ቀንሱ። 35 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው አሃድ) ከሆነ 28 ገደማ። ጭነት ካለ አትቀንሱ፣ በተለይ የኋላውን። ንፋስ የቀነሰ ሰው ፍጥነትም ይቀንሳል። አስፋልት ሲደርስም መልሶ ይሞላል። ለዚህ ከባትሪ የምትሠራ ትንሽ መንፊያ ጋቢና ውስጥ ይኑራችሁ። ጎሚስታ ሁሉም ቦታ የለም።

መጠኑ ትክክል መሆኑን ጎማው ራሱ ይነግራችኋል። ጠዋት ሳይሞቅ ለኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሙት። 4 ፒኤስአይ ያህል ከጨመረ ደህና ነው። 6 እና 7 ከጨመረ ጎማው ከልክ በላይ እየታጠፈ፣ እየጋለ ነው። ወይ ሙሉ፣ ወይ ረጋ በሉ።

የእኛ አገር የራሱ ነገር አለው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800። ሽቅብ ስትወጡ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ጨምሮ ያሳያል። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል፣ አንዳንዴም ከዚያ አሳልፎ። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ ሞልታችሁ ደብረ ብርሃን ንጋት ላይ ሌላ ቁጥር ብታዩ ጎማው ተበሳ ብላችሁ አትደንግጡ። የምትሠሩበት ቦታ ላይ፣ በጠዋት ለኩ።

ከፍ ላስደርጋት እፈልጋለሁ። 5 ሴንቲ ሜትር ምንም አይላትም ይላሉ።

ለምንድን ነው ከፍ የምትለው? መልሱ «ታምራለች» ከሆነ አልጣላም፣ ታምራለች። መልሱ «ሆዷ ድንጋይ ይመታል» ከሆነ ግን መጀመሪያ ያን ቁጥር አውጡ፣ በሜትር የለካችሁትን። ብዙ ጊዜ መኪናዋ ከፍ ማለት አያስፈልጋትም። የደከመ ባሌስትራና ሞላ አውርዷት ነው። አዲስ ሲገባላት ወደ ድሮ ቁመቷ ትመለሳለች።

በእርግጥ ከፍ የምትል ከሆነ አብረው የሚመጡትን እወቁ። የፊት ሲቪ ጆይንቶች (ጉልበት ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሱት መጋጠሚያዎች) ይበልጥ ጠመም ብለው ይሠራሉ፣ ላስቲካቸው ቶሎ ይቀደዳል። አላይመንት (የጎማዎቹ አቀማመጥ) የግድ እንደገና ይሠራል፣ አለበለዚያ ጎማው በሁለት ወር በአንድ በኩል ተበልቶ ያልቃል። የፍሬን ቱቦው ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ መወጠር የለበትም። ክብደቷ ሽቅብ ስለሚሄድም በጎን መሬት ላይ ቶሎ ትገለበጣለች። ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን ማንም ሳይነግረኝ ያገኘሁት ነው። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላ አክስል ተነስታ ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች። ሻንሲው ላይ ካለ የፍሬን ቫልቭ ጋር ትገናኛለች። ሥራዋ ጭነት መመዘን ነው። ካሶኒው ዝቅ ካለ ጭነት አለ ብላ ለኋላ ፍሬን ብዙ ትሰጣለች። ከፍ ካለ ባዶ ነው ብላ ትቀንሳለች። አሁን አስቡት። ባሌስትራ ጨምራችሁ ወይም ከፍ አድርጋችሁ 8 ኩንታል ጫናችሁ። ካሶኒው አልወረደም። ዘንጓ ባዶ ነሽ ብላ ታምናለች። የኋላ ፍሬኑ እንደሚገባው አይዝም፣ ሸክሙ ሁሉ የፊቱ ላይ ይወድቃል። ከጣርማበር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ የፊት ፍሬኑ ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ፔዳሉ ይለሰልሳል። እኔ ሽታውን አሽትቼዋለሁ። ዘንጓ ትስተካከላለች፣ መያዣዋም ከፍ ተደርጎ ይታሰራል። ከፍ ያደረጋችሁ ሰው ይህን ካልነካ ሥራውን አልጨረሰም።

የፊቱ ሞላ የለውም፣ ባር ነው። ቡሎኑን አጥብቄ ከፍ ላድርገው?

የቆዩት ሃይሉክሶች (ከ2005 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት ብዙዎቹ) እና የመጀመሪያዎቹ ዲማክሶች ፊታቸው በሚጠመዘዝ ረጅም ባር ነው የሚቆመው። ማስተካከያ ቡሎን አለው። ሲያጠብቁት ፊቷ ይነሳል፣ ብር አይጠይቅም፣ አሥር ደቂቃ ነው። ደስ ይላል።

ነገር ግን ባሩ አልጠነከረም። የተቀየረው ቁመቱ ብቻ ነው። ፊቷ ከፍ ባለ ቁጥር ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቅና ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር «ጓ» ይላል። የደከመውን ወደ ልኩ ለመመለስ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ፊት ላይ ከባድ መከላከያና ዊንች ላላት ግን ወፈር ያለ ባር መግዛት ነው ትክክሉ።

ከ2005 ወዲህ ላሉት ሃይሉክሶች ፊቱ ሞላ ነው። ባለ 79 ላንድክሩዘር ፒክአፕም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊቱ ሞላ፣ ኋላው ባሌስትራ ነው። እነዚህ ላይ ማጥበቅ የሚባል ነገር የለም፣ መቀየር ብቻ።

ለጅሩ ዋልካስ የትኛው ሾክ ይሻላል?

የትኛውም። የሐምሌ ዋልካ ሾክ አይጠይቅም፣ ጎማ ይጠይቃል። የእነዋሪና የደነባ ጥቁር አፈር ሲረጥብ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ሊስትሮ እንደ ቀባው ያደርገዋል። በጥርሱ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው የጭቃ ጎማ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ ትዕግሥት። ከፍ ያለች መኪና ይዞ ጭቃ ውስጥ መሄድ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ርቃችሁ ገብታችሁ ነው የምትይዙት፣ ትራክተር ለማግኘትም ብዙ ትሄዳላችሁ።

ዕቃውን ከየት ልግዛ? ኦርጅናል ነው ይሉኛል።

ሁሉም ኦርጅናል ነው ይላል። ሶማሌ ተራ ብትሄዱም፣ ደብረ ብርሃን ብትገዙም ያው ነው። ካርቶኑን አታንብቡ፣ ዕቃውን እዩ። ባሌስትራ ከሆነ ውፍረቱን ለኩ፣ የመሃል ቡሎኑን ቦታ ከድሮው ጋር አስተያዩ፣ ግራና ቀኙን ጎን ለጎን አቁማችሁ ጉብጠታቸው እኩል መሆኑን እዩ። ሾክ ከሆነ ቆሞ ሳለ ዘንጉን ተጭናችሁ ሳብ አድርጉት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መክበድ አለበት። መሃል ላይ ባዶ ሆኖ ጠልቆ ከሄደ መልሱለት።

አዲስ የሚያስገጥም ሰው ዩ-ቦልቱንም አዲስ ይግዛ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ጠፍሮ የሚይዘውን። አንዴ ከተወጠረ በኋላ የሚለጠጥ ቡሎን ነው፤ የድሮው ሁለተኛ እንደ መጀመሪያው አይዝም።

(ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ጎሚኒ፣ ብራቾ፣ ቡሎን። ጣርማበርን ሲቆፍር የከረመው ጣልያን ዋሻውን ብቻ አይደለም ትቶልን የሄደው። ጋራዥ ገብቶ በአማርኛ ብቻ ዕቃ ልግዛ የሚል ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።)

የደከመ ባሌስትራ በእሳት ተመልሶ ቢጎብጥስ?

ለጊዜው ቁመት ያገኛል። ግን ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ጥንካሬ እሳቱ ላይ ይቀራል። በልኩ ካልነከሩትና መልሰው ካላሞቁት ወይ ይለሰልሳል ወይ ይሰባበራል። የተሰበረ ብረት መበየድ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ከተገጠመ በኋላ መቼ ላሳይ?

500 ኪሎ ሜትር ላይ ዩ-ቦልቱን አስጠብቁ። 1,000 ላይ ድገሙት። ከዚያ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር። ዳዶው አካባቢ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ካያችሁ ላልቷል፣ እስከ ነገ አትጠብቁ።

ገጠር ውስጥ ባሌስትራ ቢሰበርብኝስ?

መጀመሪያ አውርዱ። ጭነቱን ማለቴ ነው። ቀጥሎ የት እንደተሰበረ እዩ፣ ሁሉም ነገር በዚያ ይወሰናል።

ከላይ ያለው ዋናው ብረት ከአክስሉ ፊት ለፊት ባለው ግማሹ ከተሰበረ አትንዱ። አክስሉን ቦታው ላይ የሚይዘው ያ ግማሽ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ አክስሉ ይንሸራተታል፣ ጎማው ካሶኒውን ይበላል። በሰንሰለት ወደ ፊት አስራችሁ ከአደገኛ ቦታ ማንሳት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን ሰው ልካችሁ ዕቃ አስመጡ።

ከኋላው በኩል ከሆነ ወይም ከታችኞቹ አንዱ ከሆነ በዝግታ ይደረሳል። እኔን ሰላ ድንጋይ አካባቢ ገጥሞኛል። የአንድ ገበሬ አጥር ጥግ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር። «አባባ፣ ቁራጭ ይስጡኝ» አልኳቸው። መጥረቢያቸውን አመጡና ራሳቸው ቆረጡልኝ፣ ክንድ የሚያህል። መኪናዋን በክሪክ አነሳን። ግንዱን ከአክስሉና ከሻንሲው መሃል ሸጎጥን። በጎማ ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ዙሪያውን ጠፈርነው፣ ላስቲኩ ሲወጠር ከገመድ የተሻለ ይይዛል። ክሪኩን ስንለቅ ግንዱ ላይ አረፈች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አይተው «አሁን እንደ በሬ ሆነች፣ ቀስ ብለህ ንዳት» አሉኝ። በ15 እና በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በየጥቂቱ እየቆምኩ ማሰሪያውን እያየሁ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ደብረ ብርሃን ገባሁ።